ገብስማ ዶሮ፣ የተቃጠለ ሞተርና የሚሌ ዓሣ

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ቤታችን ዶሮ ሲሠራ የሁሉም ዓይን ብልቱ ላይ ነበር፤ የኔ ዓይን ላባው ላይ። ገብስማ አውራ ዶሮ ነው፤ ጥቁርና ነጩ እየተፈራረቀ ጥልፍ የሚመስል። ፍል ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የጭራውንና የአንገቱን ላባ ነቃቅዬ በፌስታል ስቋጥር አያቴ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን የት ልትወስደው ነው?»

«ለዓሣ ነው እማማ።»

«ገብስማ ላባ የሚቋጥር ሰው የሚጠራው ዓሣ አይደለም» አለችና አማተበች።

ገብስማ ዶሮ በአገራችን ምን ዓይነት ስም እንዳለው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁ፣ ከቡና ጭስና ከጨሌ ጋር አብሮ የሚነሳ ዶሮ ነው። አያቴ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም። እኔ ግን እውነቴን ነበር፤ ላባውን የፈለግሁት ዝንብ ልሠራበት ነው። በትክክል ለመናገር፣ ገና ዝንብ ያልሆነች ነገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ወልዲያ ቤተሰብ ጋ ሥራ በምጠብቅበት ጊዜ (እየጠበቅሁ እያለሁ በሉት፣ አላለቀም) ስልኬ ላይ ሁለት ቪዲዮ ነበረኝ። ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ በፊት ለሌላ ነገር ስፈልግ ያወረድኳቸው ናቸው። አንዱ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በመንጠቆ ላይ ላባ ሲጠመጥም ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰው ያለውን ነው የሚያየው። ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም፤ ታዝናላችሁ።

ሰውየው የሚሠራው «ኒምፍ» ይባላል። ወንዝ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ነፍሳት አሉ፤ ከነሱ አንዷ ሜይፍላይ ናት። ክንፍ አውጥታ ስትበር የምናያት ለአንድ ሁለት ቀን ቢበዛ ነው፤ አፏ እንኳ ለመብላት አይሠራም፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ከዚያ በፊት ያለውን ረጅሙን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ውኃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ አረንጓዴ ልሙን እየጋጠች ነው። ያቺ ክንፍ ያላወጣችው ኒምፍ ናት። ዓሣ ደግሞ ምግቡን በብዛት የሚያገኘው ከውኃው በላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ስለዚህ ትል ወይም ሊጥ በመንጠቆ ከመሰካት ይልቅ የኒምፏን አምሳያ ሠርቶ በወራጁ ውኃ መልቀቅ ይቻላል። ትሉ ይሸታል፣ ይበላሻል፣ አንዴ ከተበላ አለቀ። ኒምፍ ግን በደንብ ከታሰረች ስንት ዓሣ ትይዛለች።

አገር ቤት ይኼ ነገር የለም እንዳትሉ። ባሌ ውስጥ አለ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ትራውት የሚባል የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ፤ እስከ ዛሬ ዌብ ወንዝ ላይ ዝንብ ይዘው የሚያጠምዱ ቱሪስቶች አሉ። ወሎ ግን ትራውት የለውም። ያለን ሌላ ነው። ሐይቅ ላይ የምንበላው ቀረሶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው፤ ብዙ ሰው ከእስጢፋኖስ ገዳም ጋር አብሮ የኖረ ይመስለዋል። ሀብሩን ከደቡብ ወሎ የሚለየው የሚሌ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ቢልጫ አለ። አፉ ዙሪያ አራት ጢም አለው፣ ጎኑ ነሐስ የመሰለ፣ እሾሁ ብዙ፣ ጉልበቱ ከመጠኑ በላይ የሆነ ዓሣ። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ጣት የሚያክል ትንሽ ዓሣም አለ፤ እሱን ለልጆች ትቼዋለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ማሰር አልነበረም፤ ድንጋይ መገልበጥ ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ ሳምንት ከወልዲያ ወደ መርሳ ወረድኩ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ለማታውቋት የብርቱካንና የማንጎ አገር ናት። እዚያ የመስኖ ውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠግን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ አለኝ። (ሁለታችንም አንድ ክፍል ነበርን። ኢኮኖሚክሱን ቀድሞኝ ትቶታል፤ ቀድሞኝ ደግሞ ብር ይዟል።) በሱ ሞተር ሳይክል ውርጌሳን አልፈን ሚሌ ደረስን። ውኃው ጉልበት ድረስ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉ ብዬ ልምከራችሁ፣ ቆላው ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ወራጁ በፍጥነት ከሚሄድበት ቦታ ጡብ የሚያክል ድንጋይ አንስቼ ገለበጥኩት።

ሥሩ ሕዝብ ነው። ሩዝ የምታክል፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ሦስት ክር የመሰለ ጭራ ያላት ነገር በድንጋዩ ላይ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ሮጠች። ሌላዋ፣ ሌላዋ። አሸዋ አጣብቃ ለራሷ ቱቦ ቤት የሠራች ሌላ ዓይነት ትልም አለች። እዚህ ወንዝ ስንት ጊዜ ታጥቤያለሁ፣ ስንት ጊዜ ጀሪካን ሞልቻለሁ። አንዴም ድንጋይ ገልብጬ አላየሁም።

«ወላሂ ይኼ ሁሉ የሚበላ ነገር ካለ ዓሣው ያንተን ላባ ምን ብሎ ይበላል?» አለ ጓደኛዬ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ያገኘሁት ከሌላ ሰው ነው።

ፍራንክ ሶየር ይባላል። እንግሊዝ አገር ዊልትሸር ውስጥ ኤቨን የሚባል ወንዝ ጠባቂ ነበር። የወንዝ ጠባቂ ማለት ሥራው ዳርቻውን መመላለስ፣ አረሙን ማጽዳት፣ ዓሣውን መጠበቅ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ኒምፍ ሲመለከት ኖሮ አንድ ነገር ገባው፦ ዓሣው እግሯን አይቆጥርም። የሚያየው ቅርጿን፣ መጠኗንና አወራረዷን ነው። ስለዚህ ሌሎች በክርና በቀለም ሲጨነቁ እሱ ሁለት ነገር ብቻ ተጠቀመ፤ የፊዘንት ጭራ ላባና ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ፊዘንት የዶሮና የቆቅ ዘመድ የሆነ የዱር ወፍ ነው። ክር የለ፣ ሙጫ የለ። ሽቦው ክርም ነው፣ ክብደትም ነው፣ ብልጭታም ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኒምፍ መጽሐፍ አሳተመ፤ ያ አሠራር ዛሬ ዓለም ላይ ወንዝ ባለበት ሁሉ ይታወቃል፤ ለአንድ ዓሣ ወይም ለአንድ አገር ብቻ የተሠራ አይደለም። ቪዲዮዬ ላይ ያለው ሽማግሌ የሚሠራውም እሱኑ ነበር።

እንግዲህ እኔ ፊዘንት የለኝም፤ ገብስማ ግን አለኝ። የገብስማ ላባ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ስለሆነ ሽቦ ላይ ሲጠመጠም ያለ ምንም ቀለም የነፍሳት ሆድ ያለውን መስመር መስመር ይሰጣል። ቀይ አውራ ዶሮም ይሆናል፤ ለደፈረሰ ውኃ ጥቁሩ ይሻላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ ስንት ዶሮ እንደሚታረድ አስቡት፤ ላባው ሁሉ ቆሻሻ ገንዳ ነው የሚገባው። ሽቦውን ደግሞ ጓደኛዬ ከተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ውስጥ ሰጠኝ። ሞተር ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ብዙ ውፍረት አለው፤ የምትፈልጉት ከሁሉም ቀጭኑን፣ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍረውን ነው። ከትንሽ ትራንስፎርመርም ይገኛል። ብር ያወጣሁበት መንጠቆው ላይ ብቻ ነው። ሐይቅ ከተማ ያገኘሁት ለዓሣ ንግድ የሚሆን ትልልቅ ነበር፤ 12 እና 14 ቁጥር የሚባለውን ሰው ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ፤ እኔ ረስቼ አንድ ጊዜ የአዞ የሚያክል አስመጥቻለሁ።

መያዣ ያስፈልጋል። መርሳ ላይ ሞርሳ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ (ስሙ ራሱ ተረት ይመስላል)፤ ብረታ ብረት ቤቶች ያለው ሞርሳ ግን በር የሚይዝ እንጂ መንጠቆዬን የሚይዝ አይደለም። በመጨረሻ አሮጌ ፒንሳ አፉን መንጠቆው ላይ ገጥሜ እጀታውን በከመነዳሪ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩትና ሁለት ጡብ መሐል አቆምኩት። በቃ፣ ይሠራል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ሽቦውን ከመንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ፤ ከቀዳዳው ወደ ኋላ ሲሶው ላይ ግን ደጋግማችሁ ዙሩበትና ትንሽ ጉብታ ሥሩ፤ ያ ደረቷ ነው። ሽቦውን አትቁረጡት፣ መታጠፊያው ጋ ይንጠልጠል። ከጭራው ላባ አራት ፀጉር አንድ ላይ ነጥላችሁ ጫፋቸው ከመንጠቆው ኋላ ትንሽ ወጣ ብሎ እንዲቀር በሽቦው እሰሩት። ያ ጭራዋ ነው። አሁን የቀረውን የላባ ፀጉር ከሽቦው ጋር አብራችሁ በቀስታ ግመዱት። ይቺ ናት ቁልፏ፤ ብቻውን ከጠመጠማችሁት የመጀመሪያው ዓሣ ይበጣጥሰዋል፣ ከሽቦው ጋር ከተገመደ ግን ሽቦው ይሸከመዋል። የተገመደውን እየጠመጠማችሁ ወደ ፊት ሂዱ። ቀዳዳው ጋ ስትደርሱ ሽቦውንና ላባውን ለዩ። ላባውን በጉብታው ላይ ወደ ኋላ አጥፉት፣ በሽቦ አንድ ዙር፤ ወደ ፊት መልሱት፣ አንድ ዙር፤ ደግሞ ወደ ኋላ። ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያለ እብጠት ይሠራል፤ ክንፏን ልታወጣ የተዘጋጀች ኒምፍ ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው። ሽቦውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥብቅ አድርጋችሁ ዙሩና እያወዛወዛችሁ ስበሩት። መቀስ አያስፈልግም። አለቀ።

አለቀ ማለት ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ ኒምፌ ሳንቡሳ ነበረች። ሁለተኛዋ ላባ አነሳትና መላጣ ሆነች። ሰባተኛዋ ላይ ሩዝ የምታክል፣ ቀጭን፣ ድንጋዩ ሥር ካየኋት ጋር ብትቀመጥ የምታሳስት ወጣች። አርባ ደቂቃ ፈጅታለች። ቅጥነቷን ጠብቁ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በማወፈር ነው፣ ወፍራም ኒምፍ ደግሞ ቶሎ አትሰጥምም።

ዘንግ አልገዛሁም። ከወንዙ ዳር ሸምበቆ ቆርጬ ጫፉ ላይ ናይለን አሰርኩ፣ ማሽን የለውም። ጃፓኖች በተራራ ወንዞቻቸው ላይ ለዘመናት እንዲህ ነው ያጠመዱት፤ ቴንካራ ይሉታል፤ ዛሬ በውድ ይሸጣል። ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት ትጥላላችሁ፤ ኒምፏ ሰጥማ ከወራጁ ጋር እኩል እየተንከባለለች ትመጣለች። አትጎትቷት፤ ነፍሳት ከወንዝ ጋር አይታገሉም። ናይለኑ ላይ ያሰርኳት ቢጫ ክር ለቅጽበት ቆም ካለች ከፍ ማድረግ ነው። ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ዘጠኙ ጊዜ ድንጋይ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ውኃው ከክረምቱ ጠርቶ፣ ቢጫዋ ክር ቆመች፣ ድንጋይ መስሎኝ አነሳሁ፣ ድንጋዩ ሄደ። ስለዚያ ደቂቃ ብዙ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ግን ጓደኛዬ እየሳቀ የቀረጸው ቪዲዮ ላይ የሚሰማው የኔ ጩኸት ብቻ ነው። ስንዝር ተኩል የሚሆን ቢልጫ። ኒምፏ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ነበረች።

አሁን ኢኮኖሚክሱ ውስጤ ተነሳ። ኬንያ ውስጥ በእጅ የሚታሰር የማጥመጃ ዝንብ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ያለ ሥራ ነው፤ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይላካል፣ ብዙ ሴቶችም ይተዳደሩበታል። ጥሬ ዕቃው ከሞላ ጎደል ምንም ነው፤ ዋጋው እጅና ዓይን ነው። እኛ ላባ እንጥላለን፣ ሥራ አጥ ወጣት አለን። ምን ጎደለን? ብዬ ወረቀት አወጣሁ። ጎደለን ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር የኔ ፍጥነት ነው። አንድ ኒምፍ በአርባ ደቂቃ የሚያስር ላኪ፣ ላኪ አይደለም። እዚያ በሥራው የኖሩት ደርዘኑን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው ነው የሚያወጡት። ወረቀቱን አጠፍኩት፣ አልጣልኩትም።

ከዚያ የካቲት መጣ። ውኃው ቀንሶ ሚሌ ኩሬ ኩሬ ሆኗል፤ ዓሣው ሁሉ ኩሬ ውስጥ ተሰብስቧል። ያችን ቢልጫ ወደያዝኩበት ቦታ ስንደርስ ሽታው ቀደመን። ዳርቻው ላይ ሆዳቸው ወደ ላይ የሆነ ትንንሽ ዓሦች ተበትነዋል፤ ትልልቁ ተወስዷል። ድንጋይ ላይ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ገለባ አለ።

ብርብራን የማያውቅ የለም። የፍሬው መርዝ ሮቴኖን ይባላል፤ ዓሣው ኦክስጅን እያለ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። አንድ ኩሬ በግማሽ ቀን ባዶ ይሆናል። ወደ ላይ ትንሽ ሄደን የወሰዱትን ልጆች አገኘናቸው፤ ዕድሜያቸው ከኛ ብዙም አያንስም፣ ዓሣውን በእርጥብ ቅጠል ሸፍነው መንገድ ዳር ሊሸጡ ነው። ተቆጣሁ። አንዱ ሳይቆጣ መለሰልኝ፦

«አንተ በቀን ስንት ትይዛለህ?»

«አንድ። አንዳንዴ ሁለት።»

«እኛ አምስት ነን። እናታችንን በአንድ ዓሣ ልንቀልብ ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ኮርስ ላይ የጋራ ሀብት እንዴት እንደሚጠፋ ተምረናል፤ ሃርዲን 1968 ብላችሁ ፈተና ላይ ጽፋችኋል። ሁሉም ለራሱ ትክክለኛውን ያደርጋል፣ ግጦሹ ያልቃል። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 ኖቤል የተሸለመችው ግን ሁልጊዜ አያልቅም፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው የጠበቁት ብዙ ቦታ አለ ብላ በማሳየቷ ነው። እሷን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አገር መስኖ ውኃ ላይ የውኃ አባት አለ፤ ተራው የማን እንደሆነ ያውቃል፣ የሰረቀውን ይቀጣል፣ ሽማግሌ ይሰበስባል። የወንዙ ውኃ አባት አለው፤ ውስጡ ያለው ዓሣ ግን አባት የለውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እዚያ ኩሬ ዳር ግን አዋጅ የጠቀሰ ሰው አልሰማሁም።

ለልጆቹ ግን አንድ ነገር ማሳየት ፈለግሁ። ከኩሬው በታች ያለውን ወራጅ ቦታ አሳየኋቸውና ድንጋይ ገለበጥኩ። ባዶ። ሌላ። ባዶ። ሮቴኖን ነፍሳትንም ይገድላል፤ ገበሬ ከብት ላይ ያለ መዥገር የሚያጠፋበትም ጊዜ አለ። ከኩሬው በላይ መርዙ ያልደረሰበት ቦታ ወሰድኳቸውና ገለበጥኩ። እዚያ ሩጫ አለ፣ ሦስት ጭራ አለ።

«ዓሣውን ብቻ አይደለም የገደላችሁት» አልኩ። «የሚቀጥለውን ዓሣ ምግብም ነው።»

ዝም አሉ። አንዱ ብቻ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከእጄ ተቀበለኝና ኒምፏን በጣቱ አስኬዳት። «ይቺን ነው በላባ የምትሠራት?» አለኝ። ፌስታሌን አውጥቼ አሳየሁት። ሁለት ሰጠሁት፤ መንጠቆ ስለሌለው ከነመንጠቆዋ። ያጥምድባት ይሽጣት አላውቅም።

ግንቦት ላይ፣ ከበልጉ ዝናብ በኋላ፣ ለብቻዬ ተመልሼ ሄድኩ። ሸምበቆም አልያዝኩም። በየካቲት ባዶ የነበረው ቦታ ላይ አሥራ አንድ ድንጋይ ገለበጥኩ። ኒምፎች ከላይ በወራጁ እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ፣ የሚበሩትም መጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ወንዝ በዚህ በኩል ቂም አይዝም። ሰባቱ ሥር ምንም አልነበረም። በአራቱ ሥር ነበሩ፤ የቁንጫ ያህል፣ ጭራቸው በዓይን የማይለይ። ኩሬው ውስጥ ግን ቆሜ እስኪመሽ ብጠብቅ አንድም ዓሣ ሲላወስ አላየሁም።

መንጠቆ ማሰሩን አላቆምኩም። አሁን ሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ደርሻለሁ። አያቴም ለመስቀል የሚታረደውን ዶሮ ቀለም ቀድማ ትጠይቀኛለች፤ ገብስማ ከሆነ ግን ላባውን የምነቅለው ከግቢ ውጪ ነው።